ምዕራፍ ስድስት፦ ሙቀቱ ከሩቅ፣ ቆሻሻው ከዳር

በአፋር፣ በዳናኪል ረባዳ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ኮራል ድንጋይ ሆኖ ተኝቷል። ጨው የሚጭኑ ግመሎች ከሚመላለሱበት ሜዳ ዳር፣ ዝናብ እምብዛም በማያውቀው ተዳፋት ላይ፣ ቅርንጫፉና ጉብታው ዛሬም ይለያል። ዕድሜው ሲለካ ከ120 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው አለ። ያን ጊዜ ቀይ ባሕር እስከዚህ ድረስ ይገባ ነበር። ኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውሃው ተነነ፤ ጨው ቀረ። አሞሌ ተብሎ ለዘመናት በገንዘብ ፈንታ ሲያገበያይ የኖረው ጨው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በኤርትራ ጠረፍ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አብዱር በሚባል ስፍራ፣ ተመራማሪዎች በጥንታዊ ኮራል ውስጥ ተጣብቀው የቀሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኙ። ዕድሜያቸው 125 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በአጠገባቸው የሚበላ የኦይስተር ዛጎል ነበር። ሰው ከባሕር ዳር ምግቡን ሲለቅም እንደኖረ ከሚመሰክሩ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ በቀይ ባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ባሕሩም ሲሰፋና ሲጠብ፣ ሲሞላና ሲጎድል የኖረ ነው። እንግዳ የሆነው ባለፉት ስልሳና ሰባ ዓመታት የደረሰበት ነገር ነው። ሁለት ጉዳቶች በአንድ ጊዜ ገጠሙት። አንዱ ከሩቅ የሚመጣ ሙቀት ነው፤ የዓለም ፋብሪካ፣ መኪናና የኃይል ማመንጫ ያመጣው። ሁለተኛው ከዚያው ከዳሩ የሚወርድ ነው፤ ፍሳሽ፣ ደለል፣ ዘይት፣ መልሕቅ፣ መረብ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መጀመሪያው ነው፤ መስማታችንም ተገቢ ነው። ግን ሙቀቱ ሲደርስ ባሕሩ መቻል አለመቻሉን በአብዛኛው የሚወስነው ሁለተኛው ነው። በዚህ ምዕራፍ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነጥብ ነው።

ቀይ ባሕርን ለመረዳት መጀመሪያ የሌለውን ማወቅ ይጠቅማል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት አንድም ወንዝ የለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደዚያው አቅጣጫ የሚንደረደረው አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዝናቡ ኢምንት ነው። ፀሐይ ደግሞ በየዓመቱ ከላዩ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ትወስዳለች፤ የሚተካው በደቡብ በኩል፣ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ነው። ወንዝ ስለሌለ ጭቃ የለም፤ ጭቃ ስለሌለ ውሃው ጠርቶ ብርሃን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ወንዝ ስለሌለ፣ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስም የለም። በተለይ የሰሜኑ ክፍል በንጥረ ነገር ረገድ ድኻ ውሃ ነው። መሬት ሲለማ ሰብል ይበዛል ብሎ ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ኮራል የሚወደው ግን ይህንኑ ድህነት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ወደ ኮራሉ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ከሩቅ ድንጋይ፣ ወይም አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ የሚመስለው ነገር በእርግጥ እንስሳ ነው፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሺህ ሆኖ የተጣበቀ። እያንዳንዷ እንስሳ ፖሊፕ ትባላለች። አብዛኛዎቹ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጡም። አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ቀጫጭን እጆች፣ ከሥር ደግሞ ከባሕር ውሃ በተወሰደ ካልሲየም የተሠራ የኖራ መቀመጫ፤ ያ ብቻ ነው። ሥጋዋ ብርሃን ያሳልፋል። በሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ስኳር ይሠራሉ፤ ለፖሊፗ ከምትፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ይሰጧታል። እሷም መጠለያና የራሷን ትራፊ ትሰጣቸዋለች። በድኻ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሀብታም ሕይወት ሊቆም የቻለው በዚህ ስምምነት ነው። ኮራል የሚሸፍነው ከዓለም ውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት አራት እጅ አንዱ በሆነ የዕድሜው ዘመን ይጠለልበታል ተብሎ ይገመታል። በቀይ ባሕር ብቻ ከ1000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከመቶው ከአሥር በላይ የሚሆኑት በሌላ ባሕር አይገኙም።

ስምምነቱ የሚፈርሰው በሙቀት ነው። ውሃው አንድ አካባቢ ከለመደው የዓመቱ ሞቃት ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ፣ አልጌዎቹ ሥራቸው ይዛባና በስኳር ፋንታ ሕዋስ የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ማመንጨት ይጀምራሉ። ፖሊፗም ታስወጣቸዋለች። ቀለሙ የአልጌዎቹ ስለነበር ሥጋዋ መስታወት ሆኖ ከሥሩ ያለው ነጭ ኖራ ይታያል። ኮራል ገረጣ የሚባለው ይህን ጊዜ ነው። አልሞተችም፤ ግን ተርባለች። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌ መልሳ ልታስገባ ትችላለች። ካልበረደ ትሞታለች፤ በሳምንታት ውስጥም አረንጓዴና ቡናማ ሣር መሰል አልጌ አጥንቷን ይወርሰዋል።

ሰው በምድር ላይ ካጠራቀመው ተጨማሪ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። ዓለም አቀፍ ሊባል የሚችል መገርጣት በ1998 ታየ (በዚህ መጽሐፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በ2010፤ ከዚያ ከ2014 እስከ 2017፤ አራተኛው በ2023 ተጀምሮ በሚያዝያ 2024 በይፋ ታወጀ። ከ2010 ወዲህ በመካከላቸው ያለው የእረፍት ጊዜ ከቀድሞው ማጠሩን ልብ ይሏል። ቅርንጫፋም ኮራል ከአንድ ሞት ለማገገም አሥር ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጉብታ ሆኖ የሚያድገው ደግሞ በዓመት 1 ሴንቲሜትር ቢጨምር ነው። ቀይ ባሕርም አልተረፈም፤ በመካከለኛው ክፍል፣ በሳዑዲ ጠረፍ ቱዋል አካባቢ፣ በ2010 እና በ2015 ኮራሉ ገርጥቶ ብዙው ሞቷል።

በሰሜኑ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ የታየው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለመረዳትም ወደ ኋላ 20 ሺህ ዓመት መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ የበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። በቀይ ባሕር ደቡብ መግቢያ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ ያለው የወለል ደፍ ደግሞ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርጡ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ትነቱ ቀጠለ፤ የሚገባው ውሃ አነሰ፤ ጨውነቱ በኪሎ ከ50 ግራም አለፈ። ኮራል እንዲህ ባለ ውሃ አይኖርም። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲሞላ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የኮራል እጮች እየተንሳፈፉ ወደ ባዶው ቤት ገቡ። መግቢያቸው ግን በደቡቡ በር ነው፤ የደቡቡ ውሃ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከ31 ዲግሪ ይዘልላል። ያንን ያልቻለ አላለፈም። ያለፈው ትውልድ በትውልድ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ፣ ከፍተኛው ሙቀት 27 ዲግሪ ገደማ ወደሆነው አቃባ ደረሰ። የማይፈልገውን ችሎታ ይዞ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ማኦዝ ፋይን የተባሉት የዚያን ጊዜ የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2013 በጽሑፍ አቀረቡ። ከአራት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት፣ የአቃባን አንድ የታወቀ ቅርንጫፋም ኮራል ለስድስት ሳምንታት ገደማ ሞቅ ባለና አሲድነቱ በጨመረ ውሃ አቆዩት፤ አልገረጣም። አንዳንድ የአካባቢው ኮራሎች ከለመዱት በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት እንደሚችሉ ከሙከራው ታይቷል። በሌላው ዓለም 1 ዲግሪ ኮራልን የሚያገረጣ ሲሆን፣ እዚህ ትልቅ ትርፍ አለ። የኮራል ተመራማሪዎች ይህን ባሕረ ሰላጤ የመጨረሻው መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል የሚሉት ለዚህ ነው። ሙከራ ዋስትና አይደለም፤ ሙቀቱም ያለ ማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ የትኛውም ችሎታ ያልቃል። ቢሆንም እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ስጦታ በእጅ ሆኖ ማባከን ይቅር የማይባል ነገር ይመስለኛል።

ማባከኑም የሚጀምረው ከዳሩ ነው። በእስራኤል ከተማ በኤላት አጠገብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዓሣ በባሕር ላይ በተዘረጉ የመረብ በረቶች ይረባ ነበር፤ በዓመት ከ2000 ቶን በላይ ይመረትበት ነበር። የዓሣው ኩስና የተረፈው መኖ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ያ በሌላ አነጋገር ማዳበሪያ ነው። ድኻ ውሃ በድንገት ሲለማ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ነጻው አልጌ ይፈላና ውሃውን ያደፈርሳል፣ ብርሃኑን ይሻማል፣ ኮራሉ ሊተከልበት የሚገባውን ድንጋይ ይይዛል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ በፖሊፗ ሥጋ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ይራባሉ፤ ፎስፎረስ ግን አብሮ ካልጨመረ በረሃብ ይዳከማሉ። የተዳከመ አልጌ በትንሽ ሙቀት ይበላሻል። በሌላ አባባል፣ ፍሳሹ የመገርጣቱን ወለል ዝቅ ያደርገዋል። ያን የሰሜን ኮራል ከንጥረ ነገር ጋር አብረው ባሞቁት ጊዜ የቀድሞ ብርታቱ እንደቀነሰ በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከበረዶ ዘመን የወረሰውን ችሎታ የቆሻሻ ውሃ ሊያስጥለው ይችላል ማለት ነው።

በኤላት ከብዙ ክርክር በኋላ መንግሥት በረቶቹ እንዲነሡ ወሰነ፤ በ2008 ተነሡ። ለዓሣ አርቢዎቹ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ እኔ ግን ትክክለኛ ነበር እላለሁ። የዓለምን ሙቀት አንድ ከተማ ብቻውን ሊያበርድ አይችልም። በረት ግን ያነሣል።

በግብፅ በኩል ሑርጋዳ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ከ1980ዎቹ ወዲህ ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ። በዚያ ጠረፍ ኮራሉ የሚጀምረው ከዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ አንዳንድ ባለ ሆቴሎች ደግሞ እንግዳው እግሩን ሳይጎዳ እንዲዋኝ ብለው ጥልቀት የሌለውን የኮራል ክምር (ሪፍ) በአፈርና በአሸዋ ሞሉት። የተሞላው ሞተ፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ደለሉ በማዕበል እየታጠበ ሲያለብሰው ታፈነ። ፖሊፕ ደለል ሲያርፍባት ልጋግ አመንጭታ ታጥበዋለች። ጠዋት አጥባ ማታ ሌላ ሲመጣ ግን ለማደግና ለመራባት የታሰበው ኃይል በመታጠብ ያልቃል። በላዩ የጀልባዎቹ መልሕቅ ነበር። አንድ የጠላቂዎች ጀልባ በቀን ሦስት ጊዜ መልሕቅ ቢጥል፣ መቶ ዓመት ያደገ ጉብታ በአንድ ሳምንት ይሰባበራል። በ1992 የሑርጋዳ ጠላቂዎች ራሳቸው ሄፕካ የተባለ ማኅበር አቋቁመው ከባሕር ወለል ጋር የታሰሩ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች መትከል ጀመሩ፤ ከ1000 በላይ ተከሉ። ጀልባው መልሕቅ በመጣል ፈንታ ገመዱን ከተንሳፋፊው ላይ ያስራል። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም።

ማዳበሪያ ብለን ስንጀምር ወደ ደቡቡ በር መመለሳችን አይቀርም። በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በሚሳይል ተመታች፤ ለቀናት ዘይት እያንጠባጠበች ከተንሳፈፈች በኋላ በመጋቢት መጀመሪያ ሰጠመች። በሆዷ 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበረ። ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ ደግሞ በየመን ጠረፍ፣ በራስ ኢሳ፣ የቆመችው ሳፈር ዓለምን ስታስጨንቅ ነበር። በ1976 የተሠራች፣ በጦርነቱ ምክንያት ከ2015 ጀምሮ ጥገና የተቋረጠባት የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ናት፤ 1 ነጥብ 1 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ዘይት ይዛ እየዛገች ነበር። በ1989 በአላስካ ኤክሶን ቫልዴዝ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በሐምሌና ነሐሴ 2023 ዘይቱን ወደ ሌላ መርከብ አዛወረ። የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለገበሬው የሚገባው ዳፕና ዩሪያ ሳይቀር አብዛኛው ጭነት ጅቡቲ ላይ ይራገፋል።

ከዘይትና ከፍሳሽ በተለየ፣ ማንም ሳያየው የሚሆን ጉዳት አለ፤ እሱም የባሕሩን አጫጆች ማጣት ነው። ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ለዋናተኛ ጠላት ነው፤ ለኮራል ግን ባለውለታ። ሌሊት ሌሊት ከጉድጓዱ እየወጣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ፍቆ ይበላል፤ የተፋቀው ድንጋይ ላይ የኮራል እጭ ይቀመጣል። በ2022 በሜዲትራኒያን፣ በግሪክና በቱርክ ዳርቻ፣ ይህ የጃርት ዝርያ በጅምላ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሞቱ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ። ጤነኛ የነበረው ጃርት በሁለት ቀን ውስጥ ሥጋው ረግፎ እሾሁ ወድቆ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ገዳዩ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ በካሪቢያን ጃርቶችን ከገደለው ጋር አንድ ነው።

የካሪቢያኑ ታሪክ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ያሳያል። በዚያ ቀደም ሲል፣ ከ1983 እስከ 1984፣ በተነሣ በሽታ ከጃርቶቹ ከ90 በመቶ በላይ አለቁ። በጃማይካ ሪፎች ላይ በ1977 ገደማ የወለሉን ግማሽ የሸፈነው ሕያው ኮራል በ1993 ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ አልጌው ከ4 በመቶ ተነሥቶ 92 በመቶ ሆነ። ግን የጃርቱ ሞት ብቻውን ይህን ያህል ባልጎዳ ነበር። ያቺ ደሴት አልጌ የሚበሉ ዓሦቿን ከዚያ አስቀድማ አጥምዳ ጨርሳ ነበር፤ የቀረው አጫጅ ጃርቱ ብቻ ነበረ፤ እሱ ሲሞት ተተኪ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1980 አውሎ ነፋስ ሪፉን ሰባብሮት ነበር፤ ለማገገም የሚያስፈልገው ባዶ ድንጋይ በአልጌ ተያዘ። በቀይ ባሕር ዛሬ በቀቀን ዓሣንና ሌሎች ሣር በል ዓሦችን ማጥመድ መገደብ አለበት የሚባለው ከዚህ በመነሣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮራሉ ወጥቶ በዳሩ ጭቃ ላይ መታየት አለበት። ማንግሮቭ ሥሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚኖር ዛፍ ነው፤ በቀይ ባሕር ዳር ያለው በአመዛኙ አንድ ዝርያ ነው። በሥሩ ዙሪያ እንደ እርሳስ ሽቅብ የቆሙ የመተንፈሻ ዘንጎች አሉት፤ ባሕር ሲሞላ ትንንሽ ዓሦችና ሽሪምፖች በመካከላቸው ይሸሸጋሉ። ከየብስ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፤ የዳሩን አፈርም ማዕበል እንዳያጥበው ያስራል። ለእንጨት ተቆርጧል፤ ለግመል መኖ ሆኗል።

ማንግሮቭን በአዲስ ዳር ለማብቀል የሞከሩት ጎርደን ሳቶ አሜሪካዊ የሕዋስ ተመራማሪ ነበሩ። በልጅነታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሌሎች የጃፓን ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን ጋር በማንዛናር ካምፕ ታስረዋል። በስተርጅና ዘመናቸው ወደ ምጽዋ አካባቢ፣ ሕርጊጎ ወደምትባል መንደር ሄዱ፤ ፕሮጀክታቸውንም በዚያ ካምፕ ስም ሰየሙት። ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነው። ማንግሮቭ በኤርትራ ጠረፍ በሁሉም ቦታ አይበቅልም፤ የሚበቅለው ዝናብ በዘነበ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ጎርፍ በሚወርድበት ነው። ሰው ሁሉ ዛፉ የሚፈልገው ጣፋጭ ውሃ ነው ይል ነበር። እሳቸው ግን ጎርፉ የሚያመጣለት ሌላ ነገር እንደሆነ ጠረጠሩ፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት፤ የባሕር ውሃ የሚያንሰው እነዚህ ናቸው። ስለዚህ በራቁቱ ዳር ላይ ችግኝ ሲተክሉ፣ ከሥሩ አንድ ቁራጭ ብረትና በምስማር የተበሳ የፕላስቲክ ከረጢት ቀበሩ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዩሪያና ዳፕ ነው። በትንንሾቹ ቀዳዳዎች በዝግታ፣ ለዓመታት፣ እየተንጠባጠበ ዛፉን ይመግባል፤ ወደ ባሕሩ አይፈስስም ለማለት በሚያስደፍር ልክ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዛፍ በቀለ፤ ቅጠሉና ፍሬው ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ።

በአንድ በኩል በ21 ሺህ ቶን ባሕሩ ውስጥ የሰጠመው፣ በሌላ በኩል በሕርጊጎ ጭቃ ውስጥ በጭብጥ በጭብጥ የተቀበረው፣ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ ቦታው፣ መጠኑና ፍጥነቱ ነው። ለኮራል መርዝ የሆነው ለማንግሮቭ ምግብ ሊሆን የቻለው በዚህ ነው። የባሕር ዳር ጥበቃ ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት የልክ ሥራ ነው፤ ከሆቴሉ የሚወጣው ፍሳሽ የት ይደርሳል፣ ከባሕር ውሃ ጨው የሚለዩ ጣቢያዎች የሚመልሱት ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በየትኛው ጥልቀት ይለቀቃል፣ መርከብ የትኛውን መንገድ ይያዝ የሚል።

ይህንን ሥራ ለማስተባበር በ1982 በጅዳ አንድ ስምምነት ተፈርሟል፤ በእሱም ፐርስጋ የተባለ የቀጣናው ድርጅት ይሠራል። አባላቱ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ የመንና ሶማሊያ ናቸው። ኤርትራ አባል አይደለችም፤ እስራኤልም አይደለችም። እነዚህ ሁለት አገሮች የያዙት ደግሞ ከላይ ካየናቸው ቦታዎች ዋና ዋናዎቹን ነው፤ አንዷ አብዱርንና የሕርጊጎን ዳር፣ ሌላዋ ስለ አቃባ ኮራል ብዙው የተጠናበትን ጠረፍ። ከሰሜን የሚንሳፈፍ እጭ ደቡቡን ሊተካ ይችል እንደሆነ፣ ከደቡብ የሚነሣ ሙቀት መቼ ሰሜን እንደሚደርስ ለማወቅ፣ አንድ ዓይነት ቴርሞሜትር በአንድ ዓይነት ጥልቀት ከምጽዋ እስከ ኤላት መዘርጋትና ንባቡን ለሁሉም ማካፈል ያስፈልጋል። መሣሪያው ውድ አይደለም። ውድ የሆነው ጠባቸው ያልበረደ አገሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው፤ የሰሜኑ ኮራል ያለው ትርፍ ዲግሪም እስኪቀመጡ ድረስ እየተቀነሰ ይሄዳል።